ዓርማን ማደስ ለምን ያስፈልጋል?
ከጀልዴሳ የቀረጥ በር እስከ ነፃ የንግድ ቀጣናው

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በከተሞቻችን አውራ ጎዳናዎች የሚመላለስ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። የባንኩ፣ የፋብሪካው ወይም የመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ይወርድና በምትኩ ሌላ ይሰቀላል። ትናንት ክብ የነበረው ዓርማ ዛሬ ማዕዘን ይሆናል፤ ቀይ የነበረው አረንጓዴ ይሆናል። አላፊ አግዳሚው ይህን ሲያይ አንዳንዱ «ደግሞ ቀለም መቀባት ሥራ ሆነ እንዴ?» ይላል። አንዳንዱም አዲስ ሰሌዳ በተሰቀለ ቁጥር አዲስ ሥራ የተጀመረ ይመስለዋል። የመጀመሪያው ሰው ዓርማን እንደ ከንቱ ጌጥ ቆጥሮታል፤ ሁለተኛው ደግሞ ዓርማውን ከሥራው ጋር አምታቶታል። በትምህርት ቤት ያላችሁ ወጣቶችና በቅርቡ የመንግሥት ሥራ የያዛችሁ አንባቢዎቻችን ግን ነገ ከነገ ወዲያ በአንድ ኮሚቴ ተቀምጣችሁ «ይህ ዓርማ ይለወጥ ወይስ ይቆይ?» ተብላችሁ ልትጠየቁ ስለምትችሉ፣ ጉዳዩን ከሥሩ መመልከቱ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ዓርማ ስንል ዛሬ ሎጎ የሚባለውን፣ ማለት አንድ ድርጅት ሸቀጡንና ደብዳቤውን የሚያትምበትን ሥዕል ወይም የፊደል ቅርጽ ማለታችን ነው። ብራንድ የሚባለው ግን ከዚህ ይሰፋል። ብራንድ ማለት ሥዕሉንና ስሙን ባየ ጊዜ በገዢው ልብ ውስጥ የሚነሣው ግምት ነው። ሥዕሉ የድርጅቱ ንብረት ሲሆን ግምቱ ግን የሕዝቡ ነው። ክርክሩ ሁሉ የሚመነጨውም ከዚህ የሁለት ባለቤቶች ነገር ነው።

ይህን ለማስረዳት ወደ ኒውዮርክ ወይም ወደ ፓሪስ መሔድ አያስፈልገንም። ከድሬዳዋ ከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በቆላው ሜዳ የምትገኘው፣ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለችው የጀልዴሳ መንደር ትበቃናለች።

ጀልዴሳ በኦሮምኛ ዝንጀሮን የሚጠራ ቃል ነው። መንደሪቱ ዛሬ ስሟ ከአካባቢው ውጪ ብዙ አይሰማም። ነገር ግን ባቡር ከመግባቱ በፊት ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚወጣው የሲራራ ንግድ ዋና ማረፊያ እርሷ ነበረች። ግብፆች ሐረርን ይዘው በነበረበት ጊዜ የጦር ዘብ ያኖሩባታል፤ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በጥር 1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ከያዙ በኋላም፣ በራስ መኰንን አስተዳደር ጊዜ፣ የቀረጥ በር ሆና ቆይታለች። ፈረንሳዊው ባለቅኔና ነጋዴ አርተር ራምቦ ይህን መንገድ ከሚያውቁት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ ነበር። ከባሕር በኩል አቡጀዲ፣ ብረታ ብረትና የጦር መሣሪያ ይገባል፤ ከደጋው ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይወጣል። የኢሳ ሶማሌዎች ግመሎች ከበረሃው ያመጡትን ጭነት በጀልዴሳ ያራግፋሉ። ከዚያ ወደ ተራራው የሚያወጡት የኦሮሞዎቹ አህዮችና በቅሎዎች ናቸው፤ ግመል ለዳገቱ አይመችምና።

እንግዲህ ልብ በሉ። በሐረር ቡናውን የሸጠው ሰው በዘይላ የሚረከበውን ነጋዴ አያውቀውም። የዘይላውም ነጋዴ በኤደን ወይም በማርሴይ የሚገዛውን ሰው አያውቀውም። በመካከላቸው ባለ ግመሉ፣ ባለ አህያው፣ ቀራጩና ደላላው አሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ሰው ሰውን ሊያምን ስለማይችል ምልክትን ያምናል። በጆንያው ላይ የተጻፈው፣ በጨርቁ ጥቅል ጫፍ ላይ የተመታው ማኅተም «ይህ ዕቃ አምና እንደገዛኸው ያለ ነው» ብሎ የማይናገረውን ይናገራል። የንግድ ምልክት ሥራ ከዚህ የበለጠ ምሥጢር የለውም።

በዚያ የንግድ መንገድ ከሚመላለሱት ምልክቶች ሁሉ የበለጠ የታመነው ደግሞ የአንዲት የሞተች ንግሥት ፊት ነበር።

የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1780 ነው። በስሟ የተመታው ብር ግን ከሞተች በኋላ እንኳ ያው መልክ፣ ያው 1780 የሚለው ዓመተ ምሕረት እየተጻፈበት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ መመታቱን ቀጠለ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። የአገራችን ሰው ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር እያለ ይጠራው ነበር። ነጋዴው ብሩን ሲቀበል በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ፣ በራስዋ ላይ ያለውን ዕንቁ በጣቱ ይዳስሳል፤ ፊቱ የተሻረ ወይም ጌጡ ያልታየ እንደሆነ አይቀበልም። የብሩን ጥራት ለመመርመር መሣሪያ ስላልነበረው ዓይኑ የለመደውን ምልክት መርማሪ አደረገው ማለት ነው።

ዐፄ ምኒልክ ይህን ሁኔታ ተመልክተው የራሳቸውን ገንዘብ ለማስመታት ወሰኑ። በአንድ ወገን የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሌላው ወገን አንበሳ ያለባቸውና 1887 ዓ.ም. የተጻፈባቸው ብሮች በፓሪስ ተመትተው መጡ። እዚህ ላይ ነው አስደናቂው ነገር። የምኒልክ ብር በክብደቱም ሆነ በብሩ ጥራት ከማርትሬዛ የሚያንስ አልነበረም። መንግሥቱም የአገሩ መንግሥት፣ ንጉሡም ከጥቂት ጊዜ በኋላ በዓድዋ ድል ያደረገው ንጉሥ ነበር። ሆኖም በዋና ዋናዎቹ ከተሞች ካልሆነ በስተቀር ገበሬውና ሲራራ ነጋዴው አዲሱን ብር አልፈልግም አለ፤ የለመደውን የባዕድ ንግሥት ፊት መረጠ።

ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ የለመደን ምልክት መንካት አይገባም» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በእኛ አስተያየት ግን ታሪኩ የሚያስተምረው ተቃራኒውን ነው። ይህንም ለመረዳት አርባ ዓመት ወደፊት መራመድ ይበቃል።

በ1927 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትሰናዳ፣ የማርትሬዛን መምቻ ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብላ ብሩን በሮም መምታት ጀመረች። የኢትዮጵያ ገበያ የሚያምነው ገንዘብ የተፈለገው ሠራዊቱ በሚገባበት አገር ስንቅ እንዲገዛበት፣ ሰው እንዲቀጠርበትና ልብ እንዲማረክበት ነበር። ሕዝባችን በጣቱ እየዳሰሰ ያመነው ዕንቁ በጠላት ማተሚያ ቤት ሲመታ «ይህ የሮም ነው፤ ይህ የቪየና ነው» ብሎ ሊለይ የሚችል ገበሬ አልነበረም። ቆየት ብሎም እንግሊዞች በለንደንና በቦምቤይ ያንኑ ብር መትተዋል። የራሱን ምልክት ሳያድስና ሳይተክል የሰው ምልክት ለምዶ የኖረ አገር የሚከፍለው ዋጋ ይህን ያህል ነው። የዐፄ ምኒልክ አሳብ ትክክል ነበር፤ የጐደለው ምልክቱን ከየገበያው የሚያደርሰው ተቋም ነበር።

ይህም የታየው በሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በወጣ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራውን ጀምሯል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዙን በወር በወር ይቀበላል፤ ግብርም በዚያው ገንዘብ ይከፈላል። አንድ ትልቅ ጥበብ ደግሞ ታከለበት። ሌላው ገንዘብ ወረቀትና ተራ ብረት ሲሆን፣ የሃምሳ ሳንቲሙ ግን ከእውነተኛ ብር ተሠራ። ሕዝቡ በእጁ ይዞ የሚመዝነው፣ ለጆሮው የሚያቃጭል ነገር አገኘ ማለት ነው። መልኩ ተለወጠ፤ እምነቱ ያረፈበት ብረት ግን በሃምሳ ሳንቲሙ ላይ ቆየ። ማርትሬዛም ከዚያ ወዲህ ከገበያ ወጥታ የአንጥረኛ ጥሬ ዕቃና የሴቶች የአንገት ጌጥ ሆነች።

ዓርማ የሚያድስ ሁሉ ከዚህ የሚወስደው አለ። አዲስ መልክ በሕዝብ ዘንድ የሚገባው ሁለት ነገር ሲሟላለት ይመስለናል፤ ከኋላው በየቀኑ የሚቆምለት ሥራ ሲኖርና ሕዝቡ ቀድሞ ያመነበት አንድ ነገር በአዲሱ ውስጥ ሲገኝ። በ1887 አንዱ ነበረ፤ ሌላው አልነበረም። በ1937 ሁለቱም ተገናኙ።

አሁን ወደ ጀልዴሳ እንመለስ፤ ስለ መንገድ መለወጥ ደግሞ እርሷ የምትነግረን አለና።

ከጂቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር መጀመሪያ የታሰበው እስከ ሐረር ሊወጣ ነበር። ተራራው ስላስቸገረ ግን ሐዲዱ በተራራው ግርጌ ሜዳውን ይዞ እንዲያልፍ ተወሰነ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ዛሬ ድሬዳዋ ከምንላት ቦታ ደረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዘይላ መንገድ ሞተ ማለት ይቻላል። ግመሉ ጭነት አጣ፤ ቀራጩ ወንበሩን ይዞ ወደ ባቡር ጣቢያው ተዛወረ። ጀልዴሳ ምንም በደል ሳትሠራ፣ ስሟም ሳይጐድፍ፣ ከነጋዴ አፍ ወጣች። ስሙ ተከብሮ ሳለ መንገዱ ከተለወጠ ስሙ ብቻውን ጭነት አይጠራም። ይህን ያህል ዝና ያለው ዛሬም ያሉ ድርጅቶች ቢሰሙት መልካም ነው፤ በአባቶቻቸው ዘመን የታወቀ ዓርማ ይዘው ገዢው በእጅ ስልኩ ወደሚገዛበት መንገድ ሳይሻገሩ የቀሩ ጥቂቶች አይደሉምና።

አዲሲቱ ከተማስ? በይፋ የተሰጣት ስም «አዲስ ሐረር» የሚል ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የሐረር ስም በዓለም የታወቀ ስለሆነ አዲሱ ጣቢያም የዚያን ክብር ይወርስ ዘንድ ነው። ነገር ግን የአካባቢው ሰው ቦታውን ቀድሞውንም ድሬዳዋ ይለው ነበር፤ ነጋዴውም፣ የባቡር ሠራተኛውም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ዐረቡም ያንኑ ተከተለ። ዛሬ «አዲስ ሐረር» የሚለውን ስም የሚያውቀው የታሪክ ተማሪ ብቻ ነው። በጽሕፈት ቤት የተሰየመ ስም በገበያ ላይ ከተሰየመው ጋር ሲወዳደር ብዙ ጊዜ ተሸናፊው የትኛው እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

የባቡሩም ኩባንያ ራሱ ስሙን ደጋግሞ ለውጧል። በመጀመሪያ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የምድር ባቡር ኩባንያ ይባል ነበር። ያ ኩባንያ በገንዘብ ችግር ወድቆ በፈረንጆች 1908 የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ተተካ፤ ሐዲዱንም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያደረሰው ይኸው ነው። ጂቡቲ ነፃ ከወጣች በኋላ በፈረንጆች 1981 የጂቡቲና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ተባለ። በእያንዳንዱ ለውጥ ጊዜ የወረቀቱ ራስጌ፣ የዋጎኑ ላይ ጽሑፍ፣ የሠራተኛው የባርኔጣ ምልክት ተለውጧል። ሕዝቡ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «ምድር ባቡር» ከማለት አልወጣም። የአዲስ አበባውን ጣቢያ ፈረንሳዮች «ላ ጋር» ቢሉት «ለገሃር» ብሎ የራሱ አደረገው፤ ባቡሩ ከቆመ በኋላም ሠፈሩ በዚያው ስም ይጠራል።

በመጨረሻው ስም ዘመን የሆነውን ደግሞ የድሬዳዋ ሰው በሚገባ ያስታውሰዋል። ስሙ ታደሰ፤ ሐዲዱ ግን አልታደሰም። አንድ ሜትር ስፋት ያለው የጥንቱ መስመር እያረጀ፣ ባቡሩ ከሐዲድ እየወጣ፣ ጭነቱ በከባድ መኪና እየተወሰደበት ሔደ። ይህንን የመሰለውን በሽታ ቀለም አያድነውም። መድኃኒቱ የተገኘው በመስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሰፊው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ሲመረቅ ነው፤ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ይህ መስመር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀምሯል። የአዲሱ መስመር የድሬዳዋ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ስለተሠራ፣ በመሐል ከተማ ያለው የጥንቱ ጣቢያና በዙሪያው የተገነባው የከዚራ ሠፈር ዛሬ በጥቂቱም ቢሆን የጀልዴሳን ዕጣ እየቀመሱ ነው ለማለት እንደፍራለን።

ከባሕር ማዶም ለነገራችን የሚረዱ ሁለት ምሳሌዎች እናምጣ። ሼል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ከመቶ ዓመት በላይ የባሕር ዛጎል ምልክት ይዞ ኖሯል። ዛጎሉ መጀመሪያ እንደ ተፈጥሮው የተሣለ ዛጎል ነበር፤ ከዚያ ደጋግሞ ተቀለለ፤ በፈረንጆች 1971 ሬይመንድ ሎዊ የተባለው ታዋቂ የቅርጽ ባለሙያ ዛሬ የምናውቀውን ቢጫና ቀይ መልክ ሰጠው። ሾፌሩ ከሩቅ፣ በሌሊት፣ በፍጥነት እየነዳ እንዲያየው መስመሩ ጥቂት ሆነ። ዛጎልነቱን ግን ማንም አልነካበትም። ትሮፒካና የተባለው የብርቱካን ጭማቂ ድርጅት ግን በፈረንጆች 2009 መጀመሪያ ላይ ገዢ ለዓመታት የለመደውን፣ ገለባ የተሰካበትን የብርቱካን ሥዕል ከማሸጊያው ላይ አንሥቶ ያማረና ዘመናዊ የመሰለ ሌላ ሥዕል ተካበት። ገዢው በሱቅ መደርደሪያ ፊት ቆሞ የለመደውን ፈልጎ አጣ፤ ሽያጩም ወዲያው ወደቀ። ድርጅቱ ሁለት ወር ሳይሞላው የድሮውን ማሸጊያ መለሰ። ጭማቂው ያው ጭማቂ ነበር፤ የምኒልክ ብር ያው ብር እንደነበረ ሁሉ።

ወደ ራሳችን መሥሪያ ቤቶች ስንመለስ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው የቴሌኮሙኒኬሽኑ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በቦርድ፣ ቀጥሎ በባለሥልጣን፣ ቀጥሎም በኮርፖሬሽን ስም ሲተዳደር የቆየው ይህ መሥሪያ ቤት በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተብሎ ዓርማውንም ስሙንም በአንድ ጊዜ ለወጠ። ደንበኛው በዚያን ጊዜ ብዙ አልተደነቀም፤ ያስጨነቀው የመስመሩ መቆራረጥ ነበርና። በአፉም «ቴሌ» ከማለት አልተመለሰም። የመብራቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ በ2006 ዓ.ም. ድርጅቱ ለሁለት ተከፍሎ ኃይል አምራቹና አገልግሎት ሰጪው የየራሳቸውን ስም ቢይዙም፣ አምፖሉ የጠፋበት ሰው ዛሬም የሚያማርረው «መብራት ኃይልን» ነው።

ነገር ግን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ያው የቴሌኮም ድርጅት በእጅ ስልክ ገንዘብ ማስተላለፊያ አገልግሎት ሲጀምር ብልህነት የሞላበት ሥራ ሠራ። አገልግሎቱን «ቴሌብር» አለው። ሕዝቡ በገዛ እጁ ያሳጠረውን «ቴሌ»፣ ከማርትሬዛ ዘመን ጀምሮ ገንዘብን የሚጠራበትን «ብር» ወስዶ አጋጠማቸው። ለአሮጊቷም፣ ለተማሪውም፣ ለባለ ሱቁም ስሙን ማስረዳት አላስፈለገም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቈጠር ሰው ተመዘገበ። አገልግሎቱ ባይሠራ ስሙ ብቻውን ይህን አያመጣም ነበር፤ አገልግሎቱም በማይገባ የባዕድ ቃል ተጠርቶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ በፍጥነት ባልተለመደ ነበር ብለን እንገምታለን። ከሌሎቹ ሁሉ ለይተን ይህንን በምሳሌነት የምናመሰግነው ስለዚህ ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ለድሬዳዋ የታሪክ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጣና የተከፈተው እዚያው ድሬዳዋ ነው። ባቡሩ አለ፤ ደረቅ ወደቡ አለ፤ ጂቡቲ ቅርብ ነው። ያ አካባቢ ከጀልዴሳ ዘመን ጀምሮ ሲያወጣው የኖረው ዋና ሸቀጥ ደግሞ የሐረር ቡና ነው። የዚህ ቡና የስም ታሪክ ግን የሚያስቈጭ ነው። በዘይላና በኤደን በኩል ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ሲሔድ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው «ሞካ» እየተባለ፣ በየመን ወደብ ስም ነበር። ቡናው የእኛ ሆኖ ምስጋናውን የማዶው ወደብ ወሰደው።

ይህን ለማረም የተደረገው ትግል ብዙ ወጣቶች ሳያውቁት የሚያልፉት ነው። በ1995 ዓ.ም. የተቋቋመው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ1997 ዓ.ም. ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። የዚያ አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስ የተባለው ታላቅ የቡና ኩባንያ ቀደም ሲል ሲዳሞ የሚለው ቃል ያለበትን የራሱን ምልክት ለማስመዝገብ አመልክቶ ስለነበር ክርክሩ ጠነከረ። በሰኔ 1999 ዓ.ም. ግን ስምምነት ተፈረመ፤ ኩባንያው ኢትዮጵያ በነዚህ ስሞች ላይ ያላትን ባለቤትነት ተቀበለ። ለአገሪቱ ትልቅ ድል ነበር፤ ጽሕፈት ቤቱ ጠመንጃ ሳይተኩስ ያገኘው ነው።

ይሁን እንጂ ስም በሕግ መጠበቁ አንድ ነገር ነው፤ ስሙን ገዢ በዓይኑ የሚለይበት መልክ መስጠት ሌላ ነገር ነው። በቦስተን ወይም በሀምቡርግ ያለ ገዢ «ሐረር» የሚለውን ቃል በአሥር ዓይነት ፊደልና በአሥር ዓይነት ሥዕል፣ በየቈይው ኩባንያ ማሸጊያ ላይ ያየዋል። ግንብ የሣለ አለ፤ ግመል የሣለ አለ፤ አንበሳ የሣለም አለ። ዱሮ ማርትሬዛን በጣቱ የዳሰሰው ነጋዴ የነበረው ርግጠኛ ምልክት ይህ ገዢ የለውም። እዚህ ላይ ዓርማን ማደስ ለጌጥ የሚደረግ ሥራ አይደለም፤ የገበሬው ቡና በስሙ ምክንያት የሚያገኘውን ተጨማሪ ዋጋ ማስጠበቂያ ነው። ከምርት ገበያው መቋቋም በፊት በድሬዳዋ የቡና ጨረታ ይደረግ ነበር፤ የሐረርን ቡና በሽታውና በጣዕሙ የሚለዩ ባለሙያዎች የዚያ ከተማ ልጆች ናቸው። በቀጣናው ውስጥ ቡናው ተቈልቶና ታሽጎ የሚወጣ ቢሆን፣ ዓርማውን ሲሥሉ እነዚህን ሰዎች ማማከር ሠዓሊን ከማማከር ይቀድማል እንላለን።

ሕጉንም በሚመለከት አንድ ቃል እንጨምር፤ ወጣት ሠራተኞች ብዙ ጊዜ ይረሱታልና። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት አዋጅ ለተመዘገበ ምልክት የሚሰጠው ጥበቃ የሰባት ዓመት ሲሆን፣ ጊዜው ሲያልቅ መታደስ አለበት። ዓርማውን በጉልህ የለወጠ ድርጅትም አዲሱን መልክ ሳያስመዘግብ ሰሌዳውን ከሰቀለ፣ አሮጌውን ጥሎ አዲሱን ያለ ዘበኛ ማቆሙ ነው። ለሠዓሊ ብዙ ገንዘብ ከፍለው ለምዝገባው ጥቂቱን የሚሰስቱ እንዳሉ እናውቃለን።

ወጪውም ቢሆን በሠዓሊው ክፍያ አያበቃም። ሰሌዳው፣ ማኅተሙ፣ የመኪናው በር፣ የሠራተኛው ልብስ፣ የደብዳቤው ወረቀት፣ የደረሰኙ ጥራዝ ሁሉ ይለወጣል። በአንድ ጊዜ ለመለወጥ አቅም የሌለው መሥሪያ ቤት ለዓመታት በሁለት ፊት ይኖራል፤ በዋናው መሥሪያ ቤት አዲሱ፣ በወረዳው አሮጌው። ባለጉዳዩም የትኛው ማኅተም እውነተኛ እንደሆነ እየተጠራጠረ ይመላለሳል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብር ኖቶቹን መልክ ሲለውጥና የ200 ብር ኖት ሲጨምር፣ አሮጌው የሚመለስበትን ጊዜ በሦስት ወር የወሰነው ስለዚህ ነው። ሁለት ፊት ለረጅም ጊዜ አብሮ ከኖረ ለአጭበርባሪ በር ይከፈታል።

ስለዚህ በኮሚቴ የምትቀመጡ ወጣቶች ዓርማ ይለወጥ የሚል ሐሳብ በቀረበላችሁ ጊዜ፣ ሥዕሉ ከመቅረቡ በፊት አንድ ሰው ወደ ገበያ እንዲላክ ብትጠይቁ መልካም ነው። በድሬዳዋ ከሆነ ወደ መጋላ ይሒድ፤ ሸማቹን፣ ባለ ሱቁን፣ ጫኝና አውራጁን ያነጋግር። ሰዎቹ የድርጅታችሁን ዕቃ ወይም አገልግሎት ምን ብለው እንደሚጠሩት፣ ከሩቅ በምን እንደሚለዩት፣ ከአምናው ዘንድሮ ምን እንደ ጐደለበት ጠይቆ ጽፎ ይምጣ። ይህ ሥራ ከአንድ ቀን በላይ አይፈጅም፤ ወጪውም የባጃጅ ደርሶ መልስ ነው።